የማይበሰብሰው ቅሪት፦ የፋይበርግላስ ስብርባሪ ለገጠሩ ምን ይጠቅማል? ከምንስ መጠንቀቅ ይገባል?

ሐዋሳ፤ የሐዋሳ ሐይቅ ውኃ የሚገባበት እንጂ በምድር ላይ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ከጨለለቃ ረግረግ የሚመጣው የጥቁር ውኃ ወንዝና ከዙሪያው ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ያመጡት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ውኃው በፀሐይ ይተናል፤ ደለሉ፣ ፌስታሉና ስብርባሪው ግን አይተንም። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሆነው ከዚህ ሐይቅ ቆሮሶና አምባዛ እያወጡ በአሞራ ገደል ገበያ የሚሸጡ ዓሣ አጥማጆች ኑሮ የተመሠረተው በሐይቁ ጤንነት ላይ ነው።

በመሆኑም በሐዋሳ ዙሪያ ስለማይበሰብስ ቅሪት የሚነሣው ጉዳይ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ብቻ የሚተው አይደለም። ቅሪቱ በቱላ፣ በወንዶ ገነት ወይም በዶሬ ባፋኖ አካባቢ በአንድ ቦረቦር ውስጥ ቢጣል፣ የክረምቱ ጎርፍ እየገፋ የሚያወርደው ወደዚያው ወደ ሐይቁ ነው። በዚሁ በስምጥ ሸለቆ በሚገኘው በዝዋይ ሐይቅ ተመራማሪዎች ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2020 ለኅትመት በበቃው ጥናት፣ ከተመረመሩት ዓሣዎች ከመቶ 35 ያህሉ ፕላስቲክ ውጠው ተገኝተዋል። ይህ ውጤት መውጫ ለሌለው ለሐዋሳ ሐይቅ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባል።

ከማይበሰብሱት ዕቃዎች መካከል እንደ ፌስታልና እንደ ጄሪካን ብዙ ያልተነገረለት አንድ አለ፤ እርሱም ፋይበርግላስ ነው። የሞተር ጀልባ አካል፣ ብርሃን የሚያስገባ የመጋዘን ጣሪያ፣ ትልልቅ ታንከር፣ ወፍራም የውኃ ቧንቧ፣ የመኪና አካል፣ የልጆች መንሸራተቻ ከዚሁ ዕቃ ይሠራሉ። በሚሠሩበት ጊዜ ዳር ዳሩ ተቆርጦ ይጣላል፤ ሲያረጁ ወይም ሲሰበሩ ደግሞ ሙሉው አካል ይጣላል። ቀላል፣ ጠንካራና የማይዝግ በመሆኑ ስብርባሪው የገጠሩን ሰው ዓይን ይስባል። ዋጋው ርካሽ ወይም በነጻ ሊሆን ስለሚችልም በአይሱዙ ተጭኖ ቀበሌ ድረስ ሲመጣ እምቢ የሚል ላይኖር ይችላል።

ዛሬም በብዙ ቦታ በሕዝቡ አንደበት ገበሬ ማኅበር እየተባለ የሚጠራው የገጠር ቀበሌ መሪዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኃላፊዎች ከዚህ ውሳኔ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ቅሪቱ በእርግጥ ይጠቅማል። ነገር ግን የሚጠቅመው በትልቁ፣ ሳይፈጭና ሳይደቅ፣ ከሰውና ከከብት አፍ ርቆ ሲውል ብቻ ነው።

ጭድና ጭቃን የመሰለ ዕቃ

ፋይበርግላስ ምን እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ገበሬው ቤቱን ሲመርግ ጭቃውን ከጭድ ጋር ያቦካል። ጭቃው ብቻውን ቢሆን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭዱም ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። ሁለቱ ሲዋሐዱ ግን ጭዱ ጭቃውን ይይዘዋል፣ ጭቃው ጭዱን ይጠብቀዋል። ፋይበርግላስም እንዲሁ ነው። ጭዱ ከቀለጠ መስተዋት የተሳበ፣ ከሰው ጠጉር በብዙ እጅ የቀጠነ ቃጫ ነው። ጭቃው ደግሞ ሬዚን የሚባል ፈሳሽ ሙጫ ሲሆን፣ ማድረቂያ ኬሚካል ሲጨመርበት በራሱ እየሞቀ ይጠጥራል። ይህ ጥበብ በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የመስተዋት ቃጫ በብዛት ማምረት ከተቻለ በኋላ ተስፋፋ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በጀልባ ሥራ በብዙ አገሮች የእንጨትን ቦታ ወሰደ።

ከጭቃ ቤት የሚለይበት ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ። የፈረሰ የጭቃ ግድግዳ ዝናብ ሲያገኘው ወደ አፈርነት ይመለሳል። ፋይበርግላስ አይመለስም። ከጄሪካንም ይለያል፤ ጄሪካን በእሳት ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ይቀልጣል፣ ሌላ ዕቃም ሊሆን ይችላል። የደረቀ ሬዚን ግን እንደ ተጋገረ ሸክላ ነው፤ ሸክላ ተመልሶ ጭቃ እንደማይሆን ሁሉ እርሱም ተመልሶ ሙጫ አይሆንም። ሰብስቦ ማቅለጥና እንደገና መሥራት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃውን ለይቶ ማወቅ ይቻላል። የተሰበረው ጠርዝ ሲታይ የተነጨ ቃጫ ወይም የተበጠሰ ክር የመሰለ ነገር ብቅ ካለ ፋይበርግላስ ነው። በየግቢው የሚታየው ጥቁር ወይም አረንጓዴ የውኃ ሮቶ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ እንጂ ፋይበርግላስ አይደለም። ከአሮጌ ሕንፃ ላይ የወረደ፣ ሲሚንቶ የሚመስል ግራጫና ከባድ ክፈፍ ከሆነ ደግሞ አስቤስቶስ የተባለው አደገኛ ዕቃ ሊሆን ስለሚችል፣ ፈጽሞ ሳይቆርጡና ሳይሰብሩ ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ትልቁን በትልቅነቱ

በዚህ ቅሪት አጠቃቀም ረገድ የሌሎች አገሮች ልምድ የሚያስተምረው አንድ ቁም ነገር አለ። እንደሚታወቀው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች ክንፎች በአብዛኛው ከፋይበርግላስ የተሠሩ ናቸው። ክንፎቹ ሲያረጁ የት እንደሚወድቁ ማሰብ ብዙ አገሮችን አስጨንቋል። በአሜሪካ ዋዮሚንግ ክፍለ ግዛት እየተቆራረጡ በመሬት ውስጥ ተቀብረዋል። በፖላንድ እ.ኤ.አ. በ2021፣ በአየርላንድ ኮርክ አውራጃ ደግሞ በ2022 ያረጁት ክንፎች ቅርጻቸውን እንደያዙ የእግረኛና የብስክሌት ድልድይ ተሸካሚ እንዲሆኑ ተደርጓል። መሐንዲሶቹ ክንፉን መፍጨት ጥንካሬውን ማጥፋትና አቧራውን ማብዛት መሆኑን ተረድተው፣ የተሠራውን እንደተሠራ ሌላ ሥራ ሰጡት።

ጉዳዩ የባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። ከሐዋሳ ወደ አዳማ የተጓዘ ሰው ከከተማዋ በላይ ባለው ኮረብታ የተተከሉትን ተርባይኖች ያውቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው አዳማ አንድ 34፣ በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች አሏቸው። እያንዳንዱ ሦስት ክንፍ ስላለው ጠቅላላ ድምሩ 408 ክንፍ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ተርባይኖች በአብዛኛው ለ20 ዓመት አገልግሎት ታስበው የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ከ2030ዎቹ ጀምሮ ይህ ጥያቄ በአገራችንም በሰፊው መነሣቱ አይቀርም። ዛሬ በትንሹ ስብርባሪ ላይ የሚለመደው ጥሩ ወይም መጥፎ አሠራር ነገ በትልቁ ላይ መደገሙ የታወቀ ነው።

በገጠር ቀበሌ ደረጃ የሚከተሉት አገልግሎቶች የሚመከሩ ናቸው።

1ኛ/ የመጸዳጃ ቤት ጣሪያና በር። ቆርቆሮ በእርጥበትና በሽንት ትነት ቶሎ ይዝጋል፤ እንጨትም ምስጥ ይበላዋል። ፋይበርግላስ ሁለቱም አይነኩትም። ክብደቱ ቀላል ስለሆነ በቀጭን ወራጅና ማገር ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

2ኛ/ የብስባሽ ጉድጓድ ክዳን። በክረምት ብስባሹ በዝናብ እንዳይታጠብ፣ በበጋ ደግሞ ቶሎ እንዳይደርቅ ሰፋ ያለ ክፋይ ቢደረግበት ይጠቅማል። ክዳኑ ከብስባሹ ጋር እንዳይነካካ በእንጨት ርብራብ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት።

3ኛ/ የማገዶና የእርሻ መሣሪያ መጠለያ። ብርሃን የሚያስገባው ዓይነት ለዚህ እጅግ ተስማሚ ነው፤ በቀን መብራት ሳያስፈልግ ውስጡ ይታያል።

4ኛ/ የንብ ቀፎ የዝናብ መከላከያ። ከቀፎው በላይ ከፍ ብሎ በቋሚ እንጨት ላይ ይደረጋል። ከቀፎው ውስጥ ግን መግባት የለበትም።

5ኛ/ የዛፍ ችግኝ መደብ ዳር መደገፊያ። ግራር፣ ጽድና ግራቪሊያ በሚፈሉበት ቦታ ረዣዥሙ ክፋይ በጠርዙ ቆሞ አፈሩን ሊይዝ ይችላል። ለጎመንና ለሰላጣ መደብ ግን አይመከርም።

እነዚህን ሲሠሩ በምስማር መምታት ዕቃውን ይሰነጥቀዋል። በትራፓኖ ወይም በጋለ ሳይሆን በእጅ በሚዞር መብሻ ቀዳዳ አውጥቶ፣ ከብሎኑ ሥር ሰፊ ሮንዴላና የከመነዳሪ ላስቲክ አድርጎ ማሰር የተሻለ ነው። የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ የዘይት ቀለም ደጋግሞ መቀባት ግዴታ ነው ማለት ይቻላል፤ ቃጫው የሚወጣው ከዚያ ነውና። ፋይበርግላስ አይበሰብስም ቢባልም ፀሐይ ላዩን ቀስ በቀስ ትበላዋለች። ላዩ ነጭ ዱቄት መስሎ ሲታይ፣ በእጅ ሲዳሰስም ሲኮሰኩስ፣ ቃጫው መውጣት ጀምሯል ማለት ስለሆነ እንደገና ቀለም መቀባት ወይም ማንሣት ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰዎች ስብርባሪውን በቦረቦር ውስጥ የጎርፍ መከላከያ ክትር ለማድረግ ያስባሉ። ይህ የሚደገፍ አሳብ አይደለም። የጎርፍ ውኃ ድንጋይ እያንከባለለ ይሰባብረዋል፤ ስብርባሪውም ከላይ እንደተገለጸው መጨረሻው ሐይቁ ነው። ለቦረቦር ድንጋይ፣ ደሾ ሣርና ቬቲቨር የተመሰከረላቸው ናቸውና እነርሱን መተካት አያስፈልግም።

ጀልባን ከመጣል መጠገን

ከሁሉ የተሻለው የቅሪት አጠቃቀም ቅሪት እንዳይኖር ማድረግ ነው። ከፋይበርግላስ የተሠራ ጀልባ በድንጋይ ተመትቶ ቢቀደድ አልቆለታል ማለት አይደለም። በሥራ ጊዜ ተቆርጦ የሚወድቀው ሬዚን ያልነካው ንጹሕ የቃጫ ምንጣፍ ለዚህ ጥገና ይሆናል። ስለዚህ የሚሠሩ ወጣቶች ቁራጩን ከመሬት ከመጥረግ ይልቅ በደረቅ ጆንያ አድርገው በየመጠኑ ቢያስቀምጡት ራሱን የቻለ ጥሬ ዕቃ ነው። እርጥበትና አቧራ የነካው ቃጫ ሬዚን በደንብ ስለማይዘው ለጥገና አይሆንም።

ጥገናው ሥርዓት አለው። ቀዳዳውን ብቻ መድፈን በቂ አይደለም። የቀዳዳው ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደ ዝርግ ሳህን አፍ ቀስ እያለ እንዲሳሳ መደረግ አለበት። በጀልባ ሠሪዎች ዘንድ የሚታወቀው ልክ ለአንድ እጅ ውፍረት 12 እጅ ስፋት ነው። ለምሳሌ የጀልባው አካል ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ከቀዳዳው ጠርዝ ጀምሮ በየአቅጣጫው 6 ሴንቲ ሜትር መፋቅ ይኖርበታል። ከዚያም ቃጫው በንብርብር፣ እያንዳንዱ ሬዚን እየጠጣ፣ አየር ሳይቀርበት ይደረባል።

ሬዚኑ የሚበጠበጠው በአንድ ጊዜ በሚያልቅ መጠን ብቻ ነው። ትርፉ በዕቃ ውስጥ ከተከማቸ በራሱ ሙቀት ሊጨስና ሊቃጠልም ይችላል። የተረፈ ፈሳሽ ሬዚን በቦይ ውስጥ ማፍሰስ ክልክል መሆን አለበት፤ በሜዳ ላይ በትንሽ በትንሹ እንዲጠጥር አድርጎ ከደረቁ ቅሪት ጋር ማኖር ነው። ሌላ ሕይወትን የሚመለከት ጉዳይ ደግሞ አለ። ማድረቂያው ኬሚካልና ኮባልት የተባለው አፋጣኝ በቀጥታ እርስ በርሳቸው ከተቀላቀሉ ይፈነዳሉ። ሁልጊዜ አንዱ አስቀድሞ ከሬዚኑ ጋር ተዋሕዶ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ይጨመራል እንጂ ሁለቱ በአንድ ዕቃ ሊገናኙ አይገባም። በአንድ መደርደሪያ ላይም ጎን ለጎን ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም።

ፈጽሞ ሊጠገን የማይችል ጀልባም ቢሆን ከመሰባበር በፊት ሊታሰብለት ይገባል። ተገልብጦ በአራት ቋሚ ላይ ቢቀመጥ ለመረብና ለመቅዘፊያ ማስቀመጫ ጥሩ ጣሪያ ይወጣዋል።

ወደ አፍ የሚሄድ ነገር አጠገብ አይድረስ

ስብርባሪው ፈጽሞ ሊገባባቸው የማይገቡ ሥራዎች አሉ። መሪዎች በዚህ ረገድ ቁጥጥራቸው ጥብቅ መሆን ይኖርበታል።

የከብት ውኃ ማጠጫና የመኖ ገንዳ ማድረግ አይገባም። ከብት የሚበላበትን ይልሳል፣ ያኝካል፤ የተሰበረ ጠርዝ ደግሞ የመስተዋት ቃጫ ይተዋል። ቡና በሚደርቅበት አልጋ ላይ ማንጠፍ አይገባም፤ የሲዳማ ቡና በዓለም ገበያ ስም ያገኘው በጣዕሙና በንጽሕናው ነውና በመስተዋት ፍርፋሪ ሊያጣው አይገባም። ቆጮ በሚብላላበት ጉድጓድ፣ እህል በሚሰጣበት አውድማ፣ ዓሣ በሚበለትበት ጠረጴዛ ላይም ቦታ የለውም። ፋብሪካ ለመጠጥ ውኃ ብሎ የሠራው ታንከር ለታሰበለት ሥራ ደኅና ነው፤ ምን ይዞ እንደኖረ የማይታወቅ አሮጌ ታንከር ግን ለመጠጥ ውኃ አይሆንም። ካረጀ የፋይበርግላስ ጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውኃም ለዛፍ ችግኝ እንጂ ለመጠጥ መዋል የለበትም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አይቃጠል። ብዙ ሰው የማይፈልገውን ነገር በእሳት መገላገልን ለምዷል። ፋይበርግላስ ሲቃጠል ሬዚኑ ጥቁርና መርዛም ጭስ ይሆናል፤ መስተዋቱ ግን ሳይቃጠል የተበጣጠሰ ቃጫ ሆኖ በአመዱ ውስጥ ይቀራል። ነፋስ ያንን ቃጫ ወደ ጓሮና ወደ ምንጭ ይወስደዋል። ቃጠሎው ቅሪቱን አያጠፋውም፤ ለመሰብሰብ የሚቻለውን ለመሰብሰብ ወደማይቻል ይለውጠዋል።

በሚቆረጥበት ጊዜ

ፋይበርግላስ ሲቆረጥና ሲፋቅ የሚነሣው አቧራ ቆዳን ያሳክካል፣ ዓይንን ያቀላል፣ ጉሮሮንና ሳንባን ያስቆጣል። ሬዚኑ ገና ሳይደርቅ የሚሸተው ስታይሪን የተባለ ትነትም ራስ ያዞራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ስታይሪንን በሰው ላይ ካንሰር የማስከተል ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው ተብለው ከተመደቡት ነገሮች ውስጥ አስገብቶታል። ይህን ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚይዙት ወጣቶች ስለሆኑ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚከተላቸው ጉዳት እንዳይደርስ ከወዲሁ ማሰብ የመሪዎች ግዴታ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። መቁረጡ በሜዳ፣ ከመኖሪያ ቤት፣ ከምንጭና ከሐይቁ ዳር ርቆ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ ይካሄድ። ከሥር ሸራ ይነጠፍ። በግራይንደር ፋንታ የእጅ መጋዝ ወይም ሲጌቶ ይያዝ፤ መስመሩ ላይ ውኃ እየተንጠባጠበ ቢቆረጥ አቧራው አይነሣም። ግራይንደር ላይ ውኃ ማፍሰስ በኤሌክትሪክ ሊገድል ስለሚችል አይሞከርም። ሠራተኛው እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ። ለአቧራው ተራ ጨርቅ አይበቃም፤ በኮሮና ጊዜ የታወቀው ኤን 95 ዓይነት ማስክ ያስፈልጋል። ይህም ቢሆን አቧራ ይከለክላል እንጂ የሬዚኑን ትነት አይከለክልም፤ ለትነቱ መድኃኒቱ ክፍት አየር ነው።

ሥራው ሲያበቃ ገላን ሳያሹ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና መታጠብ፣ የሥራውንም ልብስ ከሕፃናት ልብስ ለይቶ ማጠብ ይገባል። በሸራው ላይ የተጠራቀመው ፍርፋሪ በውኃ ረጠብ ተደርጎ በጆንያ ይታሠራል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች በአካባቢው መገኘት የለባቸውም።

ፍርፋሪው ወዴት ይሂድ?

ትልቁ ክፋይ ሥራ ካገኘ በኋላም ጥቂት ፍርፋሪና ዱቄት መቅረቱ አይቀርም። በአውሮፓ ለዚህ ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። በሰሜን ጀርመን ላገርዶርፍ በተባለ ቦታ በሚገኝ ፋብሪካ የተፈጨው ፋይበርግላስ ወደ ምድጃ ይገባል። ሬዚኑ እንደ ነዳጅ ይነዳል፤ መስተዋቱ ደግሞ አሸዋነት ያለው በመሆኑ የሲሚንቶው አካል ይሆናል። በዚያ ምድጃ ውስጥ ሲሚንቶው የሚበስልበት ሙቀት 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ጭሱም ተጣርቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ማንም ሰው በጓሮው እሳት ይህንኑ እሠራለሁ ብሎ ሊታለል አይገባም።

ሁለተኛው መንገድ ፍርፋሪውን በኮንክሪት ውስጥ በጥቂቱ በአሸዋ ፋንታ መጨመር ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ምርምሮች እንዳሳዩት በትንሽ መጠን ሲጨመር ለመንገድ ዳር ጠርዝና ጭነት ለማይሸከም ብሎኬት ሊውል ይችላል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ጥንካሬው ይቀንሳል። የሲሚንቶ አልካሊም ተራውን የመስተዋት ቃጫ በጊዜ ብዛት ይበላዋል። በመሆኑም በቤተ ሙከራ ሳይፈተን የቤት ግድግዳ ወይም የድልድይ ሥራ ላይ ማዋል አደጋ ነው። መነሻው በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ የሆነው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የምሕንድስና ትምህርት የሚሰጥበት የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ብሎኬት የሚያመርቱ ማኅበራት ናሙና ይዘው እንዲህ ያለውን ተቋም ቢጠይቁ ከግምት ይድናሉ።

የእንሰት ቃጫስ?

ስለ ፋይበርግላስ ሲነሣ በሲዳማ ምድር ሳይወሳ የማይታለፍ ሌላ ቃጫ አለ። እናቶች እንሰት ሲፍቁ ቆጮውና ቡላው ለምግብ ይሆናል፤ የሚቀረው ነጭ ቃጫ ደግሞ ለገመድና ለምንጣፍ ያገለግላል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ ተመራማሪዎች ይህንኑ የእንሰት ቃጫ በመስተዋት ቃጫ ቦታ ከሬዚን ጋር በማዋሐድ ለመኪና የውስጥ አካልና ለመሳሰሉት ቀላል ዕቃዎች ይሆን እንደሆነ ሲሞክሩ ቆይተዋል። የእንሰት ቃጫ በጥንካሬ መስተዋትን አይተካከልም፤ እርጥበትም ይጠጣል። ነገር ግን ቀላል ነው፣ ሳንባ አይወጋም፣ ለገበሬውም ገቢ ይሆናል።

ሆኖም አንድ ነገር በግልጽ ሊነገር ይገባል። ቃጫው የእንሰት ስለሆነ ብቻ ከሬዚን ጋር የተዋሐደው ዕቃ ይበሰብሳል ማለት አይደለም። ሬዚኑ እስካለ ድረስ ቅሪቱ እንደ ፋይበርግላስ ቅሪት ጥንቃቄ ያሻዋል። ንጹሑ የእንሰት ቃጫ ግን ሥራውን ሲጨርስ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ገብቶ ለሚቀጥለው እንሰት ማዳበሪያ ይሆናል። ገመድ ለሚበቃው ሥራ ገመድ መጠቀም የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

በአገራችን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቶ አካባቢን መበከል በሕግ የሚያስጠይቅ መሆኑ ተደንግጓል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው፤ በቀበሌ ደረጃ የሚሠራው ግን መሪው በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ስብርባሪ የጫነ መኪና ሲመጣ የሚከተሉትን ማጣራት ይበጃል።

ዕቃው ምን ነበር? ነዳጅ፣ ፀረ ተባይ ወይም ኬሚካል የያዘ ታንከር ከሆነ መመለስ አለበት። መጠኑስ ምን ያህል ነው? ለጣሪያና ለክዳን የሚሆን ሰፊ ክፋይ ከሆነ ይወሰድ፤ ድቃቂ ከሆነ ግን ሻጩ የራሱን የቆሻሻ መጣያ በገበሬው መሬት ላይ እያዘጋጀ ነው ማለት ነው። የት ይውላል? ቦታው አስቀድሞ ሳይታወቅ ይጠቅም ይሆናል ተብሎ የተከመረ ክምር ከአንድ ክረምት በኋላ በቦረቦር ውስጥ ይገኛል። ሲያረጅስ ማን ያነሣዋል? በነጻ የሚሰጥ ድርጅት ከሆነ፣ ትራፊውንና ያረጀውን መልሶ እንዲወስድ በጽሑፍ ውል ቢገባ ነጻው እውነተኛ ነጻ ይሆናል። በመጨረሻም የሚቆርጡት እነማን ናቸው? ማስክ፣ ጓንትና መነጽር ሳይኖራቸው ወጣቶችን ወደ ሥራው ማሰማራት ርካሹን ዕቃ ውድ ያደርገዋል።

እነዚህ ጥያቄዎች በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥተው ውሳኔያቸው በቃለ ጉባኤ ቢሰፍር፣ የግብርና ባለሙያውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቢገኙበት ሥራው ይቃናል። የዓሣ አጥማጆች ማኅበራትም ከሐይቁ ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች ጋር ተነጋግረው፣ ያረጀ ጀልባና የተሰበረ ክፋይ የሚሰበሰብበትን አንድ ደረቅ፣ የታጠረና ከጎርፍ መስመር የራቀ ቦታ ቢወስኑ ለሁሉም ይጠቅማል።

ፋይበርግላስ ብዙ ዘመን እንዲቆይ ተደርጎ የተሠራ ዕቃ ነው። በጣሪያ ላይ ሲሆን መቆየቱ ጥቅም ነው፤ በሐይቁ ውስጥ ሲሆን ያው መቆየቱ ጉዳት ይሆናል። የትኛው እንደሚሆን የሚወሰነው ዕቃው ከመኪና ከመውረዱ በፊት ነውና፣ መሪዎች ጥያቄያቸውን አስቀድመው ሊያዘጋጁ ይገባል።